መስመር የሌለው ሰሌዳ

«ይህ የማን እጅ ነው?» አሉ መምህር የሻምበል።

ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው፣ የሞተ አይጥ እንዳነሣ ሰው ከፊታቸው አርቀው ይዘውታል። ስምንተኛ «ሐ» ክፍል ጸጥ አለ።

«የእኔ ነው ቲቸር» አለች ፊርደውስ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥታ።

«ስምሽ እንዳለበትማ ማንበብ እችላለሁ። የጠየቅሁት ማን እንደጻፈው ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። የቤት ሥራው አንድ ገጽ እንግሊዝኛ በከርሲቭ መጻፍ ነበር፤ ፊደሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ቃሉ እስኪያልቅ ብዕር ከወረቀት ሳይነሣ በሚጻፈው አጻጻፍ። መስመር በሌለው ነጭ ወረቀት፣ ከሃያ የሚታረም፣ ጥሩ ጥሩው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ።

«በኅዳር ደብተርሽን አይቼዋለሁ» አሉ። «ዶሮ የጫረችው ነበር የሚመስለው። ይህ ደግሞ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። በምን ተአምር?»

«ተለማመድኩ።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ጥግ አዞሩ። እዚያ የምትቀመጠው የፊርደውስ የአክስት ልጅ ሰልማ ናት፤ መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ የመጣችው፣ በክፍሉ ከርሲቭ እንደ ውኃ የሚፈስላት።

«ሰልማ፣ አንድ ቤት አይደል የምትኖሩት? አንቺ ነሽ የጻፍሽላት?»

ፊርደውስ እፎይ አለች። የተጠየቀው የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከትምህርት መልስ ከአባቷ ሱቅ ጓሮ ተቀምጣ፣ በጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ጀርባ ላይ ስትለማመድ ሰልማ በዓይኗ አይታታለች። አንድ ቀን እንዲያውም «ይሄ ጭራው በዛ» ብላ አርማታለች።

ሰልማ ቀስ ብላ ተነሣች። መምህሩን አላየችም፤ ፊርደውስንም አላየችም።

«አዘንኩላት ቲቸር» አለች።

በቃ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። መምህሩ «ደግነትሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» ብለው በለዘበ ድምፅ ገሠጿት። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥተው በፊርደውስ ወረቀት አናት ላይ ትልቅ ዜሮ አከበቡ፤ ለሁሉም እንዲታይ አድርገውም ከፍ አድርገው ያዙት።

«ፊርዱ!» አለ ምንዋጋው ከኋላ ወንበር። «ለኔም አንዲት አዛኝ የአክስት ልጅ ፈልጊልኝ፣ በናትሽ!»

የክፍሉ ሳቅ ጣሪያውን ነካው። ፊርደውስ ተቀመጠች። ጆሮዎቿ ሲግሉ ይሰማታል። ሰልማ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ትመለከት ነበር፤ ሜዳው ላይ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም።

*

«ለምን?» አለቻት ፊርደውስ ከግቢው ወጥተው ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ሲደርሱ። የሰልማን ሻርፕ ከኋላ ጎትታ ነው ያቆመቻት።

«ምን ላድርግ? እሱ ወስኖ ነው የመጣው። አይደለሁም ብል ሁለታችንም ውሸታም ልንባል ነበር።»

«አንቺ ግን አይደለሁም አላልሽም።»

«ሃያ ማርክ ነው እኮ ፊርዱ። ምን ታካብጂዋለሽ?»

ፊርደውስ ፊቷን ትክ ብላ አየችው። ያፈረ ሰው ፊት አልነበረም። የሚፈራው ነገር ለጥቂት ያለፈለት ሰው ፊት ነበር። ያኔ ገባት። ሰልማን ያስፈራት መምህሩ አልነበሩም፤ ያ ወረቀት ነው። ግድግዳው ላይ ከራሷ ወረቀት ጎን ሊለጠፍ የነበረው።

ሰልማና እናቷ ዓሲያ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲያይልባቸው ነበር ሁለት ሻንጣ ይዘው ሰቆጣ የገቡት። የፊርደውስ አባት ዓብዱልቃድር እኅቱን ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል አስገባ፤ ሰልማ ደግሞ ከፊርደውስ ጋር አንድ አልጋ ተጋራች። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ በአነጋገሯ ሳቁ። ሲያወሩ መሐል መሐሉን የአካባቢውን ቋንቋ፣ ኽምጣንግኛን ሲቀላቅሉ እሷ አፏን ከፍታ ትቀር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መምህር የሻምበል ደብተሯን አዩና ለክፍሉ ሁሉ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሰልማ ሰው ሆነች። «ያቺ ከርሲቯ» ይሏታል፤ ስማቸውን እንድትጽፍላቸው ይለምኗታል።

እሷ ከርሲቭን የተማረችው በአራት ዓመቷ ነው። አፀደ ሕፃናት እያለች ነጠብጣብ የታተመበት መጽሐፍ ተሰጥቷት፣ በነጠብጣቡ ላይ እያስኬደች፣ ገጽ በገጽ። ጣቷ መንገዱን የሚያውቀው ለዚህ ነው።

ፊርደውስ በአራት ዓመቷ ሌላ ቦታ ነበረች። በሸኽ ዓብዱረሕማን ቁርዓን ቤት፣ ሎህ በሚባለው ጣውላ ላይ፣ ከጥቀርሻ በተበጠበጠ ቀለም፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ትርጉሙን ሳታውቅ ነበር የምትጽፈው፤ ጽሑፉ ከዘመመ ሸኹ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሎሁን ወደ ውኃው ባልዲ ያመለክቱና አጥባ እንደገና ትጀምራለች። ፊደልን ከፊደል ማያያዝ ታዲያ ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። ያስቸገራት አቅጣጫው ነው። እንግሊዝኛውን ስትጀምር እጇ ወደ ቀኝ ላለመሄድ እንደ እልኸኛ በቅሎ ይገተርባት ነበር፤ ክቡን ፊደል በተቃራኒው ታዞረዋለች፣ ጭራው ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል። ሦስት ወር የፈጀው ያንን እጅ ማግባባት ነው።

እና ሦስቱ ወር በሁለት ቃል ሄደ። አዘንኩላት ቲቸር።

በዚያ ሳምንት ፊርደውስ ከሰልማ ጋር አላወራችም። አልተጣላችም፤ እራትም ከአንድ ትሪ ነው የበሉት። ዝም ብላ ታስብ ነበር። ወረቀቷን ብትቀድባትስ? ያ የልጅ ሥራ ነው። ለአክስቷ ብትናገርስ? ሰልማ ታለቅሳለች፣ ያስታርቋቸዋል፣ በቃ ያልቃል። ፊርደውስ እንዲያልቅ አልፈለገችም። እሷ በቆመችበት ቦታ፣ በአርባ ስምንት ተማሪ ፊት፣ ሰልማም እንድትቆም ነው የፈለገችው።

መንገዱን ያሳየቻት ራሷ ሰልማ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላ የቤት ሥራ ስትጽፍ፣ ከነጩ ወረቀት ሥር ከደብተር የተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት አስገባች። መስመሩ በነጩ በኩል ብዥ ብሎ ይታያል። ሰልማ እሱን ተከትላ ስትጽፍ እጇ ልክ እንደ ባቡር በሐዲዱ ላይ ይሮጣል።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ፊርደውስ ስንቴ አይታለች፤ አስባበት ግን አታውቅም። ሰልማ ከነጠብጣቡ መጽሐፍ ጀምሮ ከሥሯ መስመር ሳይኖር አንድ ገጽ ጽፋ አታውቅም።

ሰሌዳ ደግሞ ከሥሩ ምንም አይገባበትም።

*

የወላጆች ቀን በግንቦት ሦስተኛው ዓርብ ነበር። መምህር የሻምበል ለእንግዶቹ አራት መስመር የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት በእንግሊዝኛ በከርሲቭ ተጽፎ በሩ ላይ እንዲለጠፍ ፈለጉ። ጸሐፊዋ ማን እንደምትሆን ማንም አልጠየቀም።

ፊርደውስ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ወረቀት ከሩቅ አይታይም። ባለ እግሩ ሰሌዳ ሜዳው ላይ ቢወጣና ሰልማ እንግዶቹ እያዩ ብትጽፈውስ? በጣም ያምራል።»

መምህሩ ቀና ብለው አዩዋት። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። «ቂም አለመያዝሽ ደግሞ የበለጠ ደስ አሰኝቶኛል።»

ሰልማ ዞር ብላ ፊርደውስን አየቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿ ውስጥ የነበረው ድፍረት ፈዘዘ። ክፍሉ ግን እያጨበጨበ ነበር፤ በጭብጨባ መሐል አልችልም የሚል ሰው የለም።

አሳምነው ብቻ አላጨበጨበም። ከፊርደውስ ጎን የሚቀመጠው አሳምነው የቄስ ልጅ ነው፤ ከሰቆጣ ዙሪያ ዕለት ዕለት በእግሩ ይመጣል። ዳዊት እስኪደግም ድረስ አንዲት ፊደል ጽፎ አያውቅም ነበር፤ በእነሱ ዘንድ ማንበብ ለብቻው ነው፣ ጽሕፈት ደግሞ በኋላ ለፈለገ የሚማሩት ሌላ ሙያ። ቁም ጽሕፈትን መሪጌታ ከሆኑት አጎቱ በመቃ ብዕር ተምሯል። ስለዚህም በከርሲቭ ጻፍ ሲባል እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጎረቤቱን አይነካም። ሰልማ ደብተሩን አይታ «እነዚህ ተጣልተዋል እንዴ?» ብላ ክፍሉን አስቃበት ታውቃለች።

«ያቺ ልጅ መስመር የላትም» አለ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው?»

ፊርደውስ ደብተሯን ገለጠች።

«አጎቴ ብራናውን አስቀድመው በወስፌ ነው የሚያሰምሩት» አለ አሳምነው። «ያለ ቀለም፣ ለሌላው ሰው አይታይም። ሰሌዳ ሲሆን ክር ይበቃል። ክሩን ጠመኔ ታስነኪና ግራና ቀኝ ወጥረሽ መሐሉን ስበሽ ስትለቂው ቀጥ ያለ መስመር ያትማል። ግንበኞችም እንደዚያው ናቸው። ልንገራት?»

«ብትነግራት ሁለተኛ አታናግረኝ።»

አሳምነው ትከሻውን ነቀነቀ። «የናንተ የዘመድ ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

ሰልማ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሱቁ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ላይ ትለማመድ ጀመር። ፊርደውስ ከባንኮው ጀርባ ጨርቅ እያጠፈች ታያታለች። ጽሑፉ ከሰልማ ግንባር ትይዩ ይነሣና ደረቷ ላይ ይጨርሳል። ታጠፋዋለች። ደግሞ ትጀምራለች፤ ደግሞ ይወርዳል። ለፊርደውስ ያ ቁልቁለት ማር ማር ይላት ነበር። አንዳንዴ ጨርቁን ማጠፍ ትረሳና ቆማ ትቀራለች።

ሐሙስ ዕለት ሰልማ ጠመኔ በጠመኔ ሆና ወደ ባንኮው መጣች። አገጯ ላይ ሳይቀር ነጭ ነበር።

«ፊርዱ» አለች። «አንቺ እንዴት ነው ቀጥ የሚልልሽ?»

ፊርደውስ እንዴት እንደሚል ታውቃለች። ሸኹ በመጀመሪያው ወር ነበር ያስተማሯት፦ የብዕርሽን ጫፍ አትዪ፣ የሎሁን የዚያኛውን ወገን ጠርዝ እዪ፣ እጅሽ ዓይንሽን ይከተላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን ብትናገረው ሰልማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትይዘዋለች። ክሩም ከአጠገባቸው ነው፤ ሱቁ በሙሉ ክር ነው።

«እንጃ» አለች። «ዝም ብሎ ቀጥ ይላል።»

ሰልማ ጥቂት ቆመች። የምትጠይቀው ሌላ ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከውስጥ እናቷ ዓሲያ አዲስ ሻርፕ ለብሳ ወጣችና «እንዴት ነው፣ ነገ ለልጄ ያምርብኛል?» ስትል ጥያቄው እዚያው ቀረ።

*

ዓርብ ጠዋት ሜዳው በሰው ሞላ። የከተማው ወላጆች በአግዳሚ ወንበር፣ ከየቀበሌው የመጡት ደግሞ በየዛፉ ጥላ ተቀመጡ። ጥቁሩ ሰሌዳ መሐል ላይ ቆሟል። ሰልማ ጠመኔዋን ይዛ ስትወጣ ተማሪው አጨበጨበ። ዓሲያ ከፊት ወንበር ላይ ናት።

የመጀመሪያው መስመር ከነጉድለቱ አለፈ። ሰልማ ከሰሌዳው አናት ጋር እያስተያየች ነበር የጻፈችው። ሁለተኛው ከመሐሉ ጀምሮ አጎነበሰ። ሦስተኛው የሁለተኛውን ዝንባሌ ተከትሎ ወረደ፣ እንዲያውም ባሰበት። ሰልማ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመልሳ አየችው። ፊርደውስ ከቆመችበት የጀርባዋን መገተር አየች። ለአራተኛው መስመር በግራ በኩል ሰፊ ቦታ ነበረው፤ በቀኝ በኩል ግን ሰሌዳው አለቀ። የመጨረሻው ቃል ተጨማዶ እንጨቱ ላይ ወጣ።

«ኧረ ፍሬን ያዢ!» ብሎ ጮኸ ምንዋጋው። «ባጃጇ ቁልቁለት ገባች!»

ሜዳው ፈነዳ። ተማሪው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፊርደውስም ሳቀች፤ ለሳምንታት ያጠራቀመችው ሳቅ ነበርና ጎኗን እስኪወጋት ሳቀች።

ዓይኗ ከፊት ወንበሩ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። አክስቷ ዓሲያ እንግሊዝኛ አታነብም። ልጁ ሁሉ ሲስቅ ስታይ እሷም ሳቀች፤ ለልጇ የተደሰቱላት መስሏት። ከዚያ ግራና ቀኝ ላሉት ሴቶች «የኔ ናት፣ የኔ ልጅ ናት» አለችና ከሁሉ በላይ አጨበጨበች።

ፊርደውስ መሳቋን አቆመች። ግን ዕቅዷ ገና አላለቀም ነበር፤ እግሯም ከልቧ ፈጠነ።

«ማን ያስተካክለዋል?» አሉ መምህር የሻምበል በተጨነቀ ድምፅ።

«እኔ» አለች።

ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ጠመኔውን ከሰልማ እጅ ወሰደች። ዓይኗን የሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ላይ ተክላ ጻፈች። አንድ መስመር። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራቱም እንደ ጣሪያ ማገር ተስተካክለው ቆሙ። እንደ ቁርዓን ቤት ልማዷም ነጥቦቹንና አግዳሚ ጭረቶቹን ለመጨረሻ አስቀርታ ነበርና፣ ከየመስመሩ መጨረሻ ጀምራ ወደ ግራ እየተመለሰች ጣል ጣል አደረገቻቸው።

ሳቁ ጠፍቷል። መምህር የሻምበል ወደ ሰሌዳው ቀረብ ብለው ቆሙ። ጭረቶቹን አዩ፤ ሁሉም በቀኝ ወፍረው በግራ ይሾላሉ። ያ ወረቀት ላይም እንደዚያው ነበሩ። ቀይ እስክሪብቶ ይዘው በደንብ ያዩት ወረቀት ነው።

«አሃ» አሉ፤ ለራሳቸው ያህል ዝግ ብለው።

ፊርደውስ ጠብቃ ነበር። ወደ ሕዝቡ ዞር ብለው እንዲናገሩ። ዜሮውን ከፍ አድርገው እንዳሳዩት ይህንንም ከፍ እንዲያደርጉት። መምህሩ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጣዩን ተናጋሪ ጋበዙ።

*

ሰኞ በመምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠሯት። «ማርክሽን አስተካክያለሁ፤ ሃያ ከሃያ» አሉ። «ስህተት ለማንም ያጋጥማል።» ከዚያ ሻያቸውን ይዘው ገቡ። ለክፍሉ ምንም አልተናገሩም።

መናገርም አላስፈለገም፤ ክፍሉ ራሱ ደርሶበታል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጠዋት ጠዋት አንዲት ባጃጅ እየተሣለች ትቆያለች፤ ቁልቁል አፍጥጣ የምትበር። የሰልማ ስም «ቁልቁለት» ሆነ። ሰልማ ሰኞን ዋለች። ማክሰኞ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ረቡዕም ቀረች።

ፊርደውስ ማክሰኞ ዕለት ባጃጇን አይታ ሳቀች። ረቡዕ ልትስቅ ሞከረች። ሐሙስ ምንዋጋው ለባጃጇ ሻርፕ ሲጨምርላት፣ ተነሥታ ሄዳ በመዳፏ አጠፋችው።

«ምነው ፊርዱ?» አለ ምንዋጋው ተገርሞ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«የተበደልኩት እኔ ነኝ» አለች። «መሳቅ ካለብኝ እኔ እስቃለሁ። አንተ ምን አገባህ?»

«ዋው፣ ቂምም በግል ሆነ!»

ወደ ወንበሯ ስትመለስ አሳምነው ቀና ብሎ አያት።

ከትምህርት ስትመለስ አክስቷ ዓሲያ በጓሮ በር ላይ ጠበቀቻት። ያ አዲስ ሻርፕ ራሷ ላይ አልነበረም። «ፊርዱ፣ የኔ ልጅ» አለች፣ ክንዷን ይዛ። «ከእንግዲህ ሱቅ ልቀመጥ ትለኛለች። የሰኔውን ፈተናም ይቅርብኝ አለች። አባትሽ ደግሞ ተዪያት፣ ለሱቁም ሰው ያስፈልጋል ይላል። ምን አደረጓት? ዓርብ ዕለት እኮ ያን ያህል ሲያጨበጭቡላት ነበር።»

ፊርደውስ አፏን ከፈተች። ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር፤ ማን እንደጀመረው፣ ስለ ዜሮው፣ ስለ ሁለቱ ቃላት። የአክስቷን ፊት ስታይ ግን አንዱም አልወጣ አላት።

«እንጃ» አለች።

ይህን ቃል ስትናገር ሁለተኛዋ ነው። ክንዷን አላቅቃ ወደ ቤት ገባች።

*

ዓርብ ጠዋት ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ፊርደውስ የደንብ ልብሷን ለብሳ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሱቁ ገባች። ሰልማ ብቻዋን ባንኮው ላይ አበባማ ጨርቅ ዘርግታ በሜትር እየለካች ነበር። ቀና አላለችም።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች። «ልትስቂ ነው?»

«አይ። ሳቄ አልቋል።»

ሰልማ መቀሱን አነሣች። «ሰሌዳውን ያመጣሽው አውቀሽ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ቀጥ የሚያደርገውንም ታውቂ ነበር።»

«አዎ። አውቅ ነበር።»

መቀሱ ጨርቁ ላይ ቆመ። ሰልማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አላወረደችውም። «ያን ቀን አይደለሁም ልል ነበር» አለች። «ወላሂ ልል ነበር። ከዚያ ወረቀትሽን አየሁት። ከኔ ይበልጥ ነበር። እዚህ አገር ሌላ የምችለው ነገር የለኝም ፊርዱ። ቋንቋችሁን አልችልም፣ ዳገቱን አልችልም፣ የራሴ አልጋ እንኳ የለኝም።»

ፊርደውስ አዳመጠች። ልቧ ትንሽ ሲላላ ተሰማት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ዜሮው አሁንም እዚያው ነበር፣ ቀይ፣ ክብ።

«ይቅር ብለሽኛል?» አለች ሰልማ።

«አላልኩም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

ፊርደውስ ይህን ጥያቄ ከቤት እስከ ሱቁ በር ባሉት አርባ እርምጃዎች ውስጥ ለራሷ ጠይቃው ነበር። «ሰኔ ላይ ውጤት ሲለጠፍ ስምሽን ከስሜ በታች ማየት ስለምፈልግ» አለች። «እዚህ ተቀምጠሽ ጨርቅ ስትቆርጪ ማንን ነው የምበልጠው? ምንዋጋውን?»

ሰልማ ሳታስበው አፍንጫዋን ነፍታ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አቆመች። «ክፍሉ ግን...»

«ክፍሉ ይስቃል። በእኔም ስቀዋል፤ አልሞትኩም። ደግሞ ዛሬ አንደኛው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ቲቸር አንቺን ጠየቀሽ እንጂ እኔን አላመነኝም። ዜሮውን በሰው ፊት ሰጥቶ ሃያውን በር ላይ ነው የሰጠኝ። በሰው ፊት እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ። አንቺ ደግሞ ተነሥተሽ የተናገርሽውን ትመልሺዋለሽ።»

«በሁሉም ፊት?»

«በሁሉም ፊት።»

ከውጭ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡት ልጆች ጫጫታ እየበረከተ መጣ።

«እግሬ ቢንቀጠቀጥስ?» አለች ሰልማ።

«ይንቀጥቀጥ።»

ሰልማ መቀሱን አስቀመጠች። ጨርቁን ሳትቆርጠው ጠቀለለችና ወደ መደርደሪያው መለሰችው፤ ከዚያ ፈጠን ብላ ልብሷን ልትቀይር ወደ ውስጥ ገባች። ፊርደውስ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ደወሉ ከላይ ሲሰማም አልሄደችም። ሰልማ ሻርፗን እያስተካከለች፣ ደብተሮቿ ከእጇ እየተንሸራተቱ ስትወጣ ፊርደውስ መንገድ ለቀቀችላት።

ደብተሮቹን ግን አልተቀበለቻትም። ዳገቱን አንዳቸው በመንገዱ በዚህ ወገን፣ አንዳቸው በዚያ ወገን ሆነው ወጡት፤ እርምጃቸው እኩል ነበር።